ለዝግባዋ የተነገረ መርዶ

የኖራን ሞት የሰማሁት አራት ኪሎ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። የደወሉልኝ የድሮ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናቸው። «ሀያት፣ የት ነሽ?» ብለው ዝም አሉ። ሰው የት ነሽ ብሎ ዝም ሲል ምን ሊናገር እንደሆነ ልብ ያውቀዋል። «ኖራ አረፈች» አሉኝ። «ተኝታ ነው የቀረችው፤ አልተሰቃየችም።»

አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ አላለቀስኩም። ፈራሁ። ሳላስበው የፊት ለፊቴን ሰውዬ ትከሻ ያዝኩ። «ምነው እህቴ፣ አመመሽ?» አለኝ። ሕመም አልነበረም። ፍርሃቴን ከማንም በላይ የምታውቀው ሰው ሄዳ፣ እኔና ፍርሃቱ ብቻችንን የቀረን መስሎኝ ነው።

ኖራ አየርላንዳዊት ነበረች። ጌታቸው የሚባል የእኛ አገር ወጣት መድኃኒት ቅመማ ሊማር እዚያ ሄዶ፣ ነርስነት ስትማር አገኛትና አግብቷት መጣ። የገቡት ከፒያሳ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አባቱ ባሠሩት ባለ እንጨት ሰገነት ቤት ነው። በኋላ ቤቱ ተወርሶ ክፍሎቹ ለሰው ሲታደሉ ለእሷ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ቀረላት፤ ምድር ቤቱ ለእኛ ደረሰ። እኔ የተወለድኩት እዚያ ግቢ ነው። አባቴ ከወሎ የመጣ፣ ፒያሳ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው።

ስሟ ለአራዳ ልጅ ቀልድ የተመቸ ነበር። ነጭ ሆና ኖራ መባሏን ያየ ሁሉ፣ «ስም ያወጣላት ሰው ዓይን ነበረው» ይላል። እሷም አትከፋም። የታክሲ ረዳት «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያለ ሲጣራባት ቆም ትልና፣ «ማሙሽ፣ እኔ ፒያሳ ስገባ አባትህ ገና አራዳ አልሆነም ነበር» ትለዋለች፤ ታክሲው በሙሉ ይስቃል። አንቱ መባል አትወድም ነበር። «ብዙ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል፤ እኔ አንድ ነኝ» ትላለች። ስለዚህ ትልቁም ትንሹም አንቺ አላት። አባቴ ብቻ አፉ እምቢ ስላለው «እርስዎ» እንዳላት ቀረ፤ እሷም ለእሱ ፈቀደችለት።

ጌታቸውን በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወሰዱት። አልተመለሰም። ሬሳም የለ፣ ወሬም የለ። ዘመዶቿ አገርሽ ግቢ ቢሏት፣ «መጥቶ ቢያጣኝስ?» ብላ ቀረች ይባላል። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እሷ ፊት ግን ማንም አያነሳውም።

ግቢያችን መሃል ትልቅ ዝግባ ነበር። ኖራ «እሷ» ነው የምትለው። ጠዋት ጠዋት ግንባሯን ግንዱ ላይ አስደግፋ በማናውቀው ቋንቋ ስታንሾካሹክ እናያታለን። ዝቅ ያለ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ የፋሻ ቁራጮች ታስረዋል። ፋሻውን የነካ ሰው የሌላ ሰው በሽታ ይጋባበታል ስለሚባል፣ ልጆች ሳለን ከዝግባው ሥር የምናልፈው ትንፋሻችንን ይዘን እየሮጥን ነበር። ኳሳችን እዚያ ከገባ እዚያው ያድራል። ትልልቆቹም ከእኛ አይሻሉም። አንዱ ጠንቋይ ናት ይላል፤ አንዱ ባሏን በዛፉ እያስጠራች ነው ይላል። መርፌ መወጋት ሲኖርባቸው ግን የሚያንኳኩት የእሷን በር ነው።

እኔም ትልቅ ሰው ሆኜ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ጭምር እፈራት ነበር። ሰላም እላታለሁ፤ ከዝግባው ሥር ከሆነች ግን ዞሬ ነው የማልፈው።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ቸርችል ጎዳና ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። ሹፌሩ «ያዙ! ያዙ!» ሲል ነው የገባን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ ስሟን እንኳ የማላውቃት፣ እጄን ጨበጠችኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው መስታወት ሲረግፍና ከኋላችን የአንድ ሰው ጩኸት ነው። ሲያወጡን እጄን ከእጇ ያላቀቀው ሌላ ሰው ነው። እሷ ሞታ ነበር።

እኔ ከጭረት በቀር ምንም አልሆንኩም። ሰው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ተረፍሽ» አለኝ። ግን አልተረፍኩም። ጥቂት ቆይቶ ልቤ ያለ ምክንያት በኃይል መምታት ጀመረ። የመኪና ድምፅ ስሰማ ያልበኛል። ከዚያ የመኪና ድምፅም ሳልሰማ ሆነ። ቁልቁለት ማየት አቃተኝ፤ ቀጥሎ የግቢውን በር መሻገር አቃተኝ። ሐኪሞቹ አገላብጠው አዩኝና ጤነኛ ነሽ አሉኝ። አባቴ ቁርዓን አስቀራብኝ፤ ሲቀራ ፍርሃቱ ዝም ይልልኛል፣ ሲያበቃ ይመለሳል። ሥራዬን ለቀቅሁ። ቀኑን ሙሉ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። ልሞት ነው እላለሁ፤ ሳልሞት ይመሻል።

አንድ ከሰዓት ኖራ ሳታንኳኳ ገባችና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ምንድን ነው የምትፈሪው?»

«አላውቅም።»

«አሁን አለ?»

«አለ።»

«እሺ። ሦስት ሆነን ተቀምጠናል ማለት ነው» አለች።

ጥግ ከያዝኩ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። እስኪመሽ አብራኝ ቆየች። አይዞሽ አላለችኝም። በኋላ ስጠይቃት፣ «ጌታቸውን ሲወስዱት አይዞሽ ያላለኝ ሰው አልነበረም። የሚናገሩት ሁሉ እየፈሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ለማንም አልልም» አለችኝ።

በሌላ ቀን እጄን ይዛ ወደ ዝግባው ወሰደችኝ። እግሬ ከበራችን ሦስት እርምጃ እንኳ ሳይርቅ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። የፈራሁት ውጭውን ይሁን፣ ዛፉን ይሁን፣ እሷን ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም። ዓይኔ ከፋሻዎቹ ላይ ተተከለ።

«ይጋባል ይባላል» አልኳት።

«ምኑ?»

«በሽታው።»

ትክ ብላ አየችኝና ነገረችኝ። አያቷ መንደር አንድ የውሃ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ ራስ ላይ እሾሃማ፣ ነጭ አበባ የሚያብብ ዛፍ ቆሟል። የታመመ ሰው ጨርቅ በውሃው ነክሮ ያመመውን ቦታ ይነካበትና ቅርንጫፉ ላይ ያስረዋል። ጨርቁ በዝናብና በፀሐይ ሲያልቅ ሕመሙም አብሮ ያልቃል ይላሉ። ያን ዛፍ የሚቆርጥ የለም። መንገድ ሠሪ እንኳ ሲመጣ መንገዱን አጥምሞ ያልፋል እንጂ አይነካውም፤ የነካው ሰው ቤት ሐዘን ይገባል ብለው ይፈራሉ።

«እኔ ነርስ ነኝ» አለችኝ። «ጨርቅ እንደማያድን አውቃለሁ። ግን ሆስፒታል ስሠራ ምንም ላደርግለት ያልቻልኩት በሽተኛ ነበረ። በሐሳቤ ይዤው ቤት እመጣለሁ፤ ሌሊቱን እሱን አስቤ አልተኛም። አንድ ቀን ከፋሻው ቀድጄ እዚህ አሰርኩለት። ያን ቀን ተኛሁ። ይኸው ነው።»

እኔ የበሽታ መጋቢያ ብዬ የሸሸኋቸው ፋሻዎች የሰው ስም ነበሩ ለካ። እሷ እያንዳንዱን ታውቀዋለች።

አባቴ ከሱቅ ሲመለስ ከዝግባው ሥር ተቀምጠን አገኘን። ፊቱ ተለዋወጠ። መለኪያ ሜትሩ እንኳ ከአንገቱ አልወረደም ነበር።

«እርስዎ፣ ልጄን ምን እያደረጓት ነው?»

«አብረን ተቀምጠናል።»

«ጨርቅ ሊያስሩባት ነው? ይህ በእኛ ሃይማኖት ሽርክ ነው! አላህን ትቶ ዛፍ መለመን ነው! ልጄ ታመመች ብዬ እሳት ውስጥ አልከታትም።» አባቴ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም፤ እሱም እንደ እኔ ፈርቷል ማለት ነው።

ኖራ አልተቆጣችም። «ጨርቁን ይተዉት አቶ ሰይድ» አለችው። «የእርስዎ አባቶች፣ አገር ቤት፣ ሲፈሩ የት ነበር የሚሄዱት?»

አባቴ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ እኔ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገረን። ከተወለደበት ቀበሌ በላይ፣ ወንዙ አጠገብ፣ ትልቅ ዋርካ ነበር። ዝናብ ሲቀር፣ በሽታ ሲገባ ሽማግሌዎቹ እዚያ ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ። እሱ ራሱ ልጅ ሆኖ በንዳድ ሲቃጠል አያቱ ተሸክመው ወስደው ከዋርካው ሥር አስተኙት። «ሰው ሁሉ አሚን ሲል ይሰማኛል» አለ። «ዓይኔን ስገልጥ ቅጠሉን ብቻ ነው ያየሁት። እላዬ ላይ ሰማይ የሆነ ቅጠል። ፍርሃቴ ያኔ ለቀቀኝ። ንዳዱ የለቀቀኝ ከዚያ በኋላ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ከተማ ስገባ ተሳቀቅሁ። የባላገር ነገር ነው፣ ኃጢአት ነው ሲሉኝ እኔም ፈራሁ።» ከዚያ ወደ ኖራ ዞረ። «ግን ዛፉን አንለምንም ነበር። ጥላው ሥር ሆነን ፈጣሪን ነው የምንለምነው።»

«አያቴም ለቄሱ የምትለው ይህንኑ ነበር» አለች ኖራ።

በማግስቱ አባቴ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ከዝግባው ሥር ምንጣፍ አነጠፈ፤ ጨርቅ አልታሰረም። እጁን ዘርግቶ ለእኔ፣ ለዚያች እጄን ይዛ ለሞተችው ሴት፣ ለእናቱና ለአባቱ ዱዓ አደረገ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሰገነቱ ላይ ቆመው ያያሉ። ኖራ ከእኛ ጋር ተቀምጣ ከእኔ ቀድማ አሚን ትላለች። እኔ ቀና ብዬ ቅጠሉን አየሁ። ፍርሃቱ አልሄደም። ግን ከኔ በፊት ብዙ ሰው እንዲህ ፈርቶ፣ እንዲህ ቀና ብሎ ያየ መሆኑ ተሰማኝ። ትንፋሼ ገባ፣ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ነው ቸርችል ጎዳናን በእግር መውረድ የጀመርነው። ኖራ ያስተማረችኝ ነገር ቀላል ነበር። «ወደ ታች አትዪ። ያኛው ዛፍ ይታይሻል? እስከሱ ብቻ።» እዚያ ስንደርስ ቆመን ግንዱን እንነካለን፤ ከዚያ «እስከዚያኛው።» መንገደኛ ያየናል፤ አንዲት ነጭ አሮጊትና አንዲት ሂጃብ የለበሰች የምትንቀጠቀጥ ሴት ዛፍ ሲዳስሱ። እሷ ደንታም የላት። እየሄድን ታወራኛለች። የጥንት ሰዎቻቸው ፊደል በዛፍ ስም የተሰየመ ነበር አለችኝ፤ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ዛፍ ነው። «እዚህ ስመጣ የማውቃቸው ዛፎች የሉም። ማንበብ የጠፋብኝ መሰለኝ። ከዚያ ወይራን፣ ጽድን፣ ኮሶን እየዞርኩ ተዋወቅኋቸው። የአያቶቼን ዛፎች ባላገኝ ዘመዶቻቸውን አገኘሁ።»

አደጋው ከደረሰበት ቦታ በላይ ያለችው ጃካራንዳ ጋ ብዙ ቀን ቆመን ተመልሰናል። አንድ ቀን አለፍኳት። እያለቀስኩ አለፍኳት፤ ኖራ ግን እንባዬን እንኳ አልጠረገችልኝም፤ «እስከዚያኛው» ነው ያለችኝ።

ቴዎድሮስ አደባባይ ልንደርስ ስንል አንድ አሮጌ የመስክ መኪና አጠገባችን ቆመ። ሁለት ሰዎች ወርደው በሮቹን በኃይል ዘጓቸው፤ ጓ፣ ጓ። ሰዎቹ እኛን አላዩንም፤ ወደ አንድ ሱቅ ገቡ። ዞር ስል ኖራ የለችም። ከግንብ ጋር ተጣብቃ ቁጢጥ ብላለች። ፊቷ እንደ ስሟ ሆኗል።

«ኖራ? ምን ሆንሽ?»

«በሩ» አለች። «የመኪናው በር። ያን ቀንም እንዲህ ነው የተዘጋው።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንዲህ ፈርታ አይቻት ስለማላውቅ የእኔ ልብ የማንን ፍርሃት ይዞ እንደሚመታ ጠፋኝ። እዚያው መንገድ ዳር ነገረችኝ። ጌታቸውን ሊወስዱ የመጡት ለጋ ወጣቶች ነበሩ። መሣሪያ ይዘዋል፣ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። አንዱ ውሃ ጠማኝ አላት። ቀድታ ሰጠችው። ጠጣ፣ ብርጭቆውን አመስግኖ መለሰላት፣ ከዚያ ባሏን ወሰደ። «ከዚያ ወዲህ መኪና በራችን ላይ ሲቆም፣ እሱን መለሱት እላለሁ፤ ወይ ደግሞ ሞቱን ሊነግሩኝ ነው እላለሁ። ሁለቱንም እኩል እፈራለሁ» አለችኝ።

መንገድ ላይ ሰው እየከበበን መጣ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። «ያቺ ዛፍ ትታይሻለች?» አልኳት። «እስከሷ ብቻ።» ተደግፋኝ ተነሳች።

ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ወደ ሥራ ከተመለስኩ ብዙ ቆይቶ፣ ሰፈራችን ለልማት እንደሚነሳ ተነገረን። በራችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገ። ያኔ ያልፈራ ሰው አልነበረም። አባቴ ደንበኞቹ የት ያገኙኛል ይላል፤ እትዬ አስካለ ብሞት ማን ይቀብረኛል ይላሉ። ኖራ ዕቃዋን አልሸከፈችም። ሰገነቱ ላይ ቆማ በሩን ታያለች። አንድ ጠዋት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ጌታቸው የሚያውቀው ይህን በር ብቻ ነው» አለችኝ።

ዝግባው የሚቆረጥበት ቀን የሞተር መጋዝ የያዘ ጎልማሳ መጣ። ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ግንዱ ሲጠጋ ፋሻዎቹን አየና ቆመ። መጋዙን መሬት አስቀመጠ።

«እማማ፣ ይሄ አድባር ነው እንዴ?» አላት። «እኔ የልጆች አባት ነኝ። አድባር ከሆነ አልነካም። ይዘዙኝ፣ ይቅጡኝ፣ አልነካም።»

እትዬ አስካለ ከኋላ ሆነው «በይው!» ብለው አንሾካሾኩ። «ነው በይው!» እኔም በልቤ በይው፣ በይው እላለሁ። አንድ ቃል ብትናገር ሰውየው ይሄዳል፤ የሚቀጥለውም ሰምቶ ይፈራል። በአገሯ መንገድ ያጣመመ ፍርሃት እዚህም እጇ ላይ ነበር።

ኖራ የሰውየውን እጆች አየቻቸው። ይንቀጠቀጣሉ።

«አድባር አይደለም» አለችው። «እኔ ያሰርኩት ፋሻ ነው፤ ነርስ ነበርኩ። አንተንም ልጆችህንም ምንም አይነካችሁም። ትንሽ ብቻ ታገሰኝ።»

ሄዳ ግንባሯን ግንዱ ላይ አስደገፈች። ሁልጊዜ በራሷ ቋንቋ ነበር የምታወራው፤ ያን ቀን በአማርኛ ተናገረች፣ ሁላችንም ሰማን።

«ጌታቸው ሞቷል» አለች። «ሳልነግርሽ ቆየሁ። ጌታቸው ሞቷል።»

እትዬ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አባቴ «ኢና ሊላሂ» አለ። ያን ቃል ከአፏ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረማ።

ዝግባው ሲወድቅ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ የሰገነቱ መስታወቶች ጮሁ። ለብዙ ዓመት ጨለም ብሎ የኖረው ግቢ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ገባበትና ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን፤ ምንም የሚከልለን እንደሌለ ያኔ ነው የታወቀን።

«ለምን አላስፈራራሽውም?» አልኳት በኋላ። በቁጣ ነው የጠየቅኋት።

«እነዚያ ልጆችም ፈርተው ነበር» አለችኝ። «የፈራ ሰው እጅ ምን እንደሚሠራ አይቻለሁ። እኔ ያስፈራሁት ሰው ማንም እንዲኖር አልፈልግም።» ከዚያ የአያቷን አገር ልማድ ነገረችኝ። ከቤት ሰው ሲሞት አንድ ሰው ወጥቶ ለዛፎቹና ለንብ ቀፎው መርዶ ይናገራል፤ ካልተነገራቸው ይደርቃሉ ይባላል። «እኔ ለእሷ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ጌታቸው ሲወድቅ አላየሁትም። ሳትሰማ እንድትሄድ ግን አልፈለግሁም።»

ሁላችንም በከተማው ዳር ዳር ተበተንን። ለኖራ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ደረሳት። ጥቂት ሳምንት ቆይታ ደወለችልኝ። «ሀያት፣ ለጌታቸው ለቅሶ ልቀመጥ ነው። ለሰዎቹ ንገሪልኝ።»

ከየአቅጣጫው መጡ። እትዬ አስካለ ድንኳኑን አስተከሉ። አባቴና የሰፈራችን ሙስሊሞች በአንድ ጥግ ዱዓ አደረጉ፤ በሌላው ጥግ ካህኑ ጸሎተ ፍትሐት ደገሙ። ኖራ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የጌታቸውን የወጣትነት ፎቶ አጠገቧ አድርጋ ተቀመጠች። የኮንዶሚኒየሙ ሰዎች ማን እንደሞተ ይጠይቃሉ። «ባሏ» እንላቸዋለን። «መቼ?» ሲሉ መልስ ያጥረናል። እሷ ግን ለገባ ሁሉ ትነሳለች፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ ሲሏት «አሜን» ትላለች። ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ ሙሾ ሲያወርዱ አለቀሰች። ከፍ ባለ ድምፅ፣ ደረቷን እየመታች፣ የእኛን ሴቶች ለቅሶ አለቀሰች። ስንት ዓመት እንደተጠራቀመ ፈጣሪ ይወቀው።

ሲመሻሽ ሰው ተሰነባብቶ ሄደ። እኔ ወደ ቤቷ አወጣኋት። በባዶው ሳሎን መሃል ቆማ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ አሳዘነችኝ። ልደር ብላት እምቢ አለች።

«ብቻሽን ለማደር አትፈሪም?» አልኳት።

«እፈራለሁ» አለች። «ዛሬ ግን የምፈራው ለራሴ ነው። እስከዛሬ ለእሱ ነበር የምፈራው።»